ሐሙስ የሚሄደው ሰው

እግዜር ሠርፀን ሲፈጥር ፊቱ ላይ ሳይደክም አልቀረም። ውበት ለማኖር አይደለም፤ መልኩስ እንደ ነገሩ ነው። ግን ያንን ክብ ፊት፣ እነዚያን ረጋ ያሉ ዓይኖች፣ ትንሽ ወደ ጎን ዘንበል ያለውን አንገት ያየ ሰው ሁሉ ሳያውቀው ልቡን ይከፍትለታል። ሐኪም ቤት ወረፋ ላይ ከቆመ ሕፃን ያስይዙታል። አውሮፕላን ማረፊያ ከተቀመጠ የማያውቀውን ሰው ሻንጣ ሲጠብቅ ይውላል። አዲስ አበባ ቴአትር ቤት በነበረበት ዘመን አዘጋጆቹ ከሐኪም፣ ከሽማግሌና ከሙሽራው ታላቅ ወንድም ሌላ ሚና ሰጥተውት አያውቁም። አንዴ ጢም ያለው ሐኪም ይሆናል፤ አንዴ ጢም የሌለው ሐኪም ይሆናል፤ ልዩነቱ ይኸው ነበር። እሱ ግን አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ ክፉ ሰው ሆኖ መድረክ ላይ መውጣት ይመኝ ነበር። ይህንኑ ምኞት እንደያዘ ጁባ ገባ።

ጁባ የመጣው ለቴአትር ሳይሆን ለእንጀራ ነው። ሀይ ጀላባ በሚባለው የነጋዴ ሰፈር ዘይት፣ ዱቄትና ሳሙና በጅምላ የሚያከፋፍሉት ሐጂ ሱሌይማን፣ ሠርፀ ሥራ ሊጠይቃቸው ሲመጣ ዋስ አምጣ አላሉትም፤ ፊቱን አዩና ነገ ጠዋት ና አሉት። ከዚያ ወዲህ ዓርብ ዓርብ የጁምዓ አዛን ሲሰማ ሐጂ ውዱእ አድርገው ይነሡና የመጋዘኑን ቁልፍ ባንኮኒው ላይ ጣል አድርገው ወደ መስጊድ ይሄዳሉ። አያስጠነቅቁም፤ ዞረውም አያዩም። ሠርፀ ቁልፉን ኪሱ ይከትና ሲመለሱ እዚያው ባንኮኒ ላይ ያኖርላቸዋል። ስለዚህ ነገር አንድም ቀን ተነጋግረው አያውቁም።

ዘንድሮ ታዲያ ያ ሲመኘው የኖረው ሚና መጣለት። ኮር ዊሊያም ሰፈር ፀጉር ቤት ያላት የኔነሽ፣ ድሮ አገር ቤት በመድረክ ዝግጅት የሠራች ሴት ናት። ለጁባ ሐበሾች ማኅበር ዓመታዊ ምሽት ራሷ የጻፈችውን አጭር ቴአትር ልታሳይ ተነሣች። ታሪኩ ስለ አንድ አደራ በላ ነው። እዚህ ያለው ሐበሻ ሁሉ እንደሚያውቀው ከጁባ አዲስ አበባ የሚበር ሰው ለራሱ አይበርም፤ ለእናት የሚላክ፣ ለእህት የሚደርስ፣ ለልጅ የሚሰጥ ዕቃ ተሸክሞ ነው የሚበረው። የቴአትሩ ሰውዬም በሄደበት አገር ሁሉ "ሐሙስ አዲስ አበባ ልሄድ ነው፤ የምትልኩት ካለ" እያለ የወገኑን ዕቃ ይሰበስብና ይሰወራል። የኔነሽ ተመልካች እንዲጓጓ ብላ የተዋናዮቹን ስም ምስጢር አድርጋው ነበር። ምሽቱም ሐሙስ ላይ ዋለ፤ ቶንፒንግ ያለው የሆቴል አዳራሽ ቅዳሜና እሁድ በሠርግ ስለሚያዝ ነው።

በመጀመሪያው ልምምድ ሠርፀ አንድ ዓይኑን አጨንቁሮ፣ ድምፁን ከጉሮሮው አጎርንኖ፣ ትከሻውን ሰብቆ ገባ። የኔነሽ ስክሪፕቱን ፊቷ ላይ አድርጋ ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅ ዓይኗን ጠረገችና አዘነችለት።

"ሠርፀ፣ አንተ እኮ ስትሰርቅ ራሱ የወደቀ ዕቃ እያነሣህ የምታቀብል ነው የምትመስለው" አለችው። "ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንዳይሆንብህ። እስከ ማክሰኞው ልምምድ እይሃለሁ። አንተን አይቶ ቦርሳውን ጨበጥ የሚያደርግ ሰው ከጠፋ ግን ሚናውን ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ።"

ይህ ቃል እንቅልፍ ነሣው። የዕድሜ ልክ ሐኪም ሆኖ መቅረት ማለት ነው። ስለዚህ ሌባነትን ከመድረክ ውጪ፣ ከሌቦቹ ከራሳቸው መማር አለብኝ ብሎ ቆረጠ።

በማግሥቱ ከጎረቤቱ ጥቁር የቆዳ ጃኬት ተዋሰ፤ ጥቁር መነጽር ገዛ፤ የጁባ ፀሐይ አናት በምትበሳበት ሰዓት ገበያ መሐል አንድ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ዕቅዱ የሰው ኪስ ላይ ማፍጠጥና ሰዉ ሲደነግጥ ማየት ነው። ላቡ በጃኬቱ ውስጥ ወደ ወገቡ እየወረደ አንዲት ቲማቲም ሻጭ ላይ አፈጠጠ። ሴትዮዋ አየችው፤ አየችውና ፊቷ በራ።

"ያ ሐበሺ፣ አምሱኩ ዴ ሹዋያ" ብላ የሽያጩን ጣሳ እጁ ላይ አኖረችው፤ ይቺን ትንሽ ያዝልኝ ማለቷ ነው። ከዚያ ልጇን ከትምህርት ቤት ልታመጣ ሄደች። ምን ያድርግ? ጃኬቱን አውልቆ ተቀመጠና ቲማቲም ሸጠ። አንድ ፖሊስ መጥቶ በተሰባበረ እንግሊዝኛ እዚህ አካባቢ ኪስ አውላቂ በዝቷል ይባላል፤ አንተ ደኅና ሰው ትመስላለህ፤ የምትጠረጥረው ካለ ንገረኝ አለው። ሠርፀ ዓይኑን ከማሳነስ ወደኋላ አላለም፤ የቻለውን ያህል ተጠርጣሪ ለመምሰል ሞከረ። ፖሊሱ አመሰገነውና ሄደ። ሴትዮዋ ስትመለስ ደህና ደህናውን ቲማቲም መርጣ በፌስታል ቋጠረችለት። ሌባ ሊሆን የወጣው ሰውዬ ለእራቱ የሚሆን ስልስ ይዞ ቤቱ ገባ።

ተስፋ ግን አልቆረጠም። በሌላው ቀን ደግሞ ሰው መከታተል ልማር ብሎ ቶንፒንግ ሄደ። የኮምፒውተር ቦርሳ ያንጠለጠለ አንድ ሰው መርጦ ከኋላው ከኋላው ተከተለው። ሰውዬው ሲፈጥን ይፈጥናል፤ ሲቆም ይቆማል። በመጨረሻ ሰውዬው ዞረ። ይኸው ደነገጠልኝ ሲል፣ ሰውዬው እጁን ለሰላምታ ዘርግቶ አንተም ለዎርክሾፑ ነህ? አረፈድን እኮ ብሎ በክንዱ ጎተተውና አንድ የእርዳታ ድርጅት ግቢ ይዞት ገባ። ዘበኛው ያለ ፈቃድ ወረቀት ዝንብ የማያስገባ ሰው ነው፤ የሠርፀን ፊት ሲያይ ግን በሩን በሰፊው ከፈተ። ሥልጠናው በከተማ ውስጥ ራስን ከሌባ ስለመጠበቅ ነበር። አሠልጣኟ መሐል ላይ ደርሳ፣ ችግር ቢገጥማችሁ ሁሉም ሰው እኩል አይታመንም፤ እርዳታ የምትጠይቁት ለምሳሌ እንደዚህ ያለ ሰው መርጣችሁ ነው ብላ ሠርፀን አስነሣችው። አጨበጨቡለት። ሩዝ በዶሮ በላ፤ የድርጅቱ አርማ ያለበት ኮፍያ ተሸልሞ ወጣ። ኮፍያውን ታክሲ ውስጥ ሆን ብሎ ጥሎት ሲወርድ ሾፌሩ ሮጦ ደርሶ መለሰለት።

እሁድ ከሰዓት በኋላ የቀረውን አንድ መንገድ ይዞ ኮር ዊሊያም ሄደ። እዚያ ጋሽ ገብሬ የሚባሉ ጀነሬተር ጠጋኝ አሉ። ዛሬ ጌታን የተቀበሉ፣ ጸሎት ቤት የማይቀሩ ሰው ናቸው፤ ድሮ ግን እውነተኛ አደራ በላ ነበሩ። ይህን የሚደብቁት ነገር አይደለም። ምስክርነት በተሰጠ ቁጥር ይነሣሉ፤ ጉባኤው ታሪኩን በቃሉ ያውቀዋል፤ የት ላይ ሃሌሉያ እንደሚባል ሕፃናቱ ሳይቀሩ ያውቃሉ።

ሠርፀ የመጣበትን ሲነግራቸው ጋሽ ገብሬ መጀመሪያ ጸለዩ። ቀጥለው እንደ ጸሎት ቤቱ ድምፃቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ መሰከሩ። ኃጢአተኛ እንደነበሩ ተናገሩ፤ በጨለማ እንደተመላለሱ ተናገሩ፤ ልክ ሠርፀ የፈለገው ቦታ ላይ፣ ዕቃውን እንዴት ይቀበሉ እንደነበር ላይ ሲደርሱ "ያን ጊዜ ጌታ አገኘኝ" ብለው ዘለሉት። ሠርፀ እንደገና ጠየቀ፤ እንደገና ጌታ አገኛቸው። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነበት። በመጨረሻ ድካሙ አሸነፈውና፣ ጋሽ ገብሬ፣ የዳኑበትን አይደለም የጠየቅሁዎት፤ የጠፉበትን ነው አላቸው።

ጋሽ ገብሬ በጨርቅ እጃቸውን ጠራረጉ። ከዚያ የሠርፀን ፊት ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከቱት። የምስክርነቱ ድምፅ ጠፋና ሌላ፣ ዝቅ ያለ ድምፅ ወጣ።

"እኔም እንዳንተ ያለ ፊት ነበረኝ" አሉ። "ሰው ሌባ ሲባል ዓይኑ የሚቅበዘበዝ ይመስለዋል። ዓይኑ የሚቅበዘበዘውን ማን አምኖ ይሰጠዋል?"

"ሲቀበሏቸው ታዲያ ምን ይሰማዎት ነበር?"

"ደስታ። ሰው ሲያምንህ ደስ አይልህም? ደግሞ ልንገርህ፤ ስቀበል የማደርስ ነበርኩ። ከልቤ። ዕቃውን የምትቀበለዋ እናት ፊት እንኳ ይታየኝ ነበር። ሌባ የሆንኩት በኋላ ነው፣ ቀኑ ሲያልፍ። ነገ እነግራቸዋለሁ፣ ነገ እመልሳለሁ ስል። ወንድም ሠርፀ፣ እኔ ሰርቄ አላውቅም፤ ዘገየሁ እንጂ።"

ሠርፀ ይህን ይዞ ተመለሰ። ቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር ላይ ተቀምጦ አቧራው እየሸፈነው፣ ለካ ነገሩን ከጭራው ይዤው ነበር እያለ ያስብ ነበር። ክፉ መምሰል አልነበረበትም። ከልቡ ደግ ሆኖ መቀበል ነበረበት። ይህን ደግሞ ዕድሜ ልኩን ሲያደርገው ነው የኖረው።

ሰኞ ጠዋት ሱቅ ሲከፍት ጎረቤታቸው ሀይፋ በሯ ላይ ቆማ ነበር። ሀይፋ የሴት ልብስና ሽቶ ትሸጣለች፤ ከሐጂ ሱቅ የሚለያት አንድ ግድግዳ ነው። ሠርፀ ነገሩን እንዴት እንደምትቀበለው ሊያይ፣ ወዲያው ቀልዴን ነው ሊላት አስቦ፣ የቴአትሩን ቃል እንዳለ ወረወረው።

"ሐሙስ አዲስ አበባ ልሄድ ነው፤ የምትልኪው ካለ።"

"ወላሂ?" አለች ሀይፋ። እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። እሁድ እኮ የታናሽ እህቷ የሺፋ ኒካሕ ነው፤ ቀሚሷን ራሷ ሀይፋ ናት የሰፋችው፣ ጥልፉን ማታ ማታ በእጇ የጠለፈችው፤ የሚወስድላት ሰው አጥታ ሌሊቱን ስትጨነቅ ነው ያደረችው። ይህን ሁሉ እየነገረችው ስልኳን አውጥታ ደወለች። "ሺፋዬ፣ ቀሚስሽ መጣልሽ" ስትል ሠርፀ ሰማ። በስልኩ ውስጥ የእልልታ ድምፅ ተሰማ። ቀልዴን ነው የሚለው ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር፤ እዚያው ቀረ።

እውነቱን ለመናገር አፉን የያዘው ሐፍረት ብቻ አልነበረም። ሀይፋ ጥቅሉን በሁለት እጇ ስታቀብለው ጋሽ ገብሬ ያሉት ደስታ መጣ። ቀሚሱን ያደረሰው ያህል ተሰማው፤ ሙሽራዪቱ ስትለብሰው ታየችው። የዘመናት ምኞቱ ቁልፍ እጁ ገብቶ ነበርና ትንሽ፣ ጥቂት ሰዓት ብቻ፣ ሊያቆየው ፈለገ።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይህ ነው። ሀይ ጀላባ ደግሞ ወሬ በእግሯ የማትሄድበት ሰፈር ነው፤ ትበራለች። ከምሳ በፊት አንዱ ለአባቱ ብርድ ልብስ ይዞ መጣ። ሌላዋ ለልጇ ጫማ አመጣች። ከርከዴ የታጨቀበት ማዳበሪያ መጣ፤ የተጠቀለለ ምንጣፍ መጣ። ሁሉም ሲያቀብሉ ቀላል ናት ይላሉ፤ ከጁባ ቀላል ያልሆነ አደራ ተልኮ አያውቅም። ሠርፀ ለእያንዳንዱ አንገቱን ዘንበል አድርጎ እሺ፣ አደርሳለሁ አለ። ማንም አልተጠራጠረም። ትኬትህን አሳየን ያለው አንድም ሰው አልነበረም።

ሐጂ ሱሌይማን ከሰው ሰሙ። ወደ ጓዳ ጠሩት።

"ቤተሰብ ደኅና ናቸው?" አሉት።

ሠርፀ አንገቱን ደፋ። ሐጂ የዚያን አንገት መድፋት እንደ ራሳቸው ደግነት ተረጎሙት። ሰው ሳይናገር በድንገት የሚሄደው ቸግሮት ነው፤ አልጠይቅህም፤ ጨርሰህ ና፤ ቦታህ አይነካም አሉትና ትከሻውን መታ መታ አድርገው ወጡ። ሠርፀ ጓዳው ውስጥ ከሳሙና ካርቶኖቹ ጋር ቆሞ ቀረ። አሁኑኑ ተከትያቸው ልንገራቸው አለ። ከዚያ ማክሰኞ ልምምድ መኖሩን አሰበ።

ማክሰኞ ልምምዱ ላይ ዓይኑን አላጨነቆረም፤ ድምፁንም አልቀየረም። ልክ ለሀይፋ እንዳለው አለ። ዕቃ የምታቀብለውን ተዋናይት ጥቅል በሁለት እጁ ተቀበለ፤ ከልቡ ደስ አለው፤ አደርሳለሁ አለ። የኔነሽ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። ስትነሣ እጇ ቦርሳዋ ላይ እንዳለ አየች፤ መቼ እንደጨበጠችው አታውቅም። እጇን ተመለከተች፤ ሠርፀን ተመለከተች።

"ሚናው ያንተ ነው" አለችው ቀስ ብላ። "ግን ምን ሆነህ ነው እንዲህ የሆንከው?"

አልነገራትም። ደስታው ብዙ ነበር። ቤቱ ሲገባ ጥቅሎቹ አልጋውን ሞልተው ጠበቁት፤ ለመተኛት ወለል ላይ አነጠፈ። ነገ እነግራቸዋለሁ አለ። እንዲያውም ሐሙስ ጠዋት ብነግራቸው ይሻላል፤ ስሜቱ እስከ መድረኩ አይጠፋብኝም አለ። ይህን ቃል ከማን እንደሰማው ትዝ ሳይለው እንቅልፍ ወሰደው።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሀይፋ ብርጭቆ ሻይ ይዛ መጣችለት። ደስ ብሏታል። ሪያድ እኮ፣ ማዶ ያለው የጫማ ሻጩ ልጅ፣ ዛሬ ጠዋት በድንገት አዲስ አበባ በረረ አለችው። ሻንጣው ባዶ ነው፤ ቤቷ ድረስ መጥቶ የምትልኪው ካለ ብሏት ነበር። እሷ ግን የእኔስ ሠርፀ ጋ ነው፤ አንተን ምን አስቸገረኝ ብላ መርቃ ሸኘችው። "እሱ ወጣት ነው፤ ይረሳል" አለች ሀይፋ። "ያንተ እጅ ይሻለኛል።"

ሻዩ እጁ ላይ ቀዘቀዘ። ሠርፀ ለሐጂ እንኳ ሳይናገር ወጣ፤ ቦዳ ይዞ ቶንፒንግ ትኬት ቢሮ ገባ። ያን ጊዜ ቴአትሩንም ሚናውንም ትቶት ነበር፤ ለሐሙስ አንድ ወንበር ስጡኝ አለ። እውነተኛ ተጓዥ ሆኖ ውሸቱን ሊያጥብ ነው። ልጅቷ ኮምፒውተሯን ነካክታ ሐሙስ ሙሉ ነው አለችው። ዓርብስ? ሙሉ። ቅዳሜ? ሰኞ ይገኛል አለችው። ኒካሑ እሁድ ነው። ሠርፀ መስኮቱ ላይ ተደግፎ የሚቀር ሰው ካለ፣ የተሰረዘ ካለ እያለ ሲለምን ከኋላው የተሰለፈች ሴትዮ ልጇን አስይዛው ፓስፖርቷን ስትፈልግ ነበር። ሕፃኑ ጢሙን ያዘው። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን ጠላው።

ባለ ሦስት እግር ርክሻ ተከራየ። ጥቅሎቹን ጭኖ ሀይ ጀላባ ገባና ከሀይፋ ጀመረ። ቴአትር ነበር አላት። ልምምድ ነበር፤ ልነግርሽ ነበር አላት። እሷ አልጮኸችም። መጀመሪያ አልገባትም፤ ስለዚህ ሐሙስ አትሄድም? ብላ ጠየቀች። አልሄድም አላት። ከዚያ ጥቅሉን ተቀብላ ባንኮኒዋ ላይ አኖረችና ፈታችው። ቀሚሱን ዘረጋች። ጥልፉን በጣቷ ተከተለችው። አብራ የጠቀለለችውን የሽቶ ጠርሙስ ክዳን አየች።

"ምንም አልጎደለም፣ ሀይፋ።"

"አውቃለሁ" አለች፤ ማየቷን ግን አልተወችም። እጅጌውን ገልብጣ አየች፤ ሌላውንም ገለበጠች። ሲያልቅ አጠፈችው። "ዕቃውን አልነካህም፣ ወንድሜ። የበላኸው ቀኑን ነው" አለችው። ይህን ስትል ፊቱን አላየችውም። ሠርፀ ከመሬት በታች ቢገባ በወደደ ነበር።

ሌሎቹ እንደ እሷ አልተጎዱም። ብዙዎቹ ሳቁ፤ አንተ ሰውዬ ጉድ ነህ አሉት፤ ከርከዴ የላከው ሰው እስኪያስለው ድረስ ሳቀና ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይኼ ነው አለው። ግን አንድ ነገር ሁሉም አደረጉ። እየሳቁ ጥቅላቸውን ፈቱ። ብርድ ልብሱ ተዘረጋ፤ ጫማው ሁለትነቱ ታየ፤ ማዳበሪያው በእጅ ተመዘነ። ሠርፀ በየበሩ ቆሞ ሲፈትሹ ጠበቀ። ሲጨርሱ ምስጋና ይሁን ይቅርታ ያልለየ ነገር አጉረመረሙለት።

ሐሙስ ጠዋት ሥራ ገባ። ሐጂ ሁሉንም ሰምተዋል፤ ሀይ ጀላባ ነው። አልሄድክም? አሉት። አልሄድኩም፣ ሐጂ አለ። ዘይቱ መጥቷል፤ አራግፉት አሉና ወደ ውስጥ ገቡ። ቢቆጡ ምንኛ በወደደ!

ማታ አዳራሹ ሞላ። ሙስሊሙም ጴንጤውም፣ ነጋዴውም ተቀጣሪውም መጥቶ ነበር። ሐጂ ሱሌይማን ከሁለተኛው ረድፍ ተቀምጠዋል፤ ጋሽ ገብሬ ከበሩ አጠገብ። የኔነሽ ሠርፀን ወደ ተመልካቹ እንዲወርድ አድርጋ ነበር ያዘጋጀችው። ወረደ። አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ በዚያ በራሱ ድምፅ፣ "ሐሙስ አዲስ አበባ ልሄድ ነው፤ የምትልኩት ካለ" አለ።

አዳራሹ ሳቀ። ዕቃ ሰጥተውት የነበሩት አንዱ ሌላውን እየጎሸመ ከሁሉ በላይ ሳቁ። ሠርፀ አልሳቀም፤ ቃሉን ደገመው። ከልቡ ነበር፤ አሁን እንኳ ቢሰጡት፣ አሁን እንኳ ወንበር ቢገኝ፣ በእግሩም ቢሆን ያደርስ ነበር። ይህ ፊቱ ላይ ታየ መሰለኝ፤ ሳቁ ቀስ በቀስ ሞተ። በዚያ ዝምታ ውስጥ ፊት ለፊቱ ሀይፋን አየ። ቦርሳዋ አጠገቧ ወንበር ላይ ነበር። አንሥታ ጭኗ ላይ አደረገችውና በሁለት እጇ ያዘችው።

ዕድሜ ልኩን ሲጠብቀው የኖረው ነገር ይህ ነበር። አገኘው። የቀረውን ቃል የጨረሰው በልምድ ነው። ሰው ሁሉ ተነሥቶ ሲያጨበጭብ፣ የኔነሽ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ስታለቅስ፣ ጋሽ ገብሬ ከበሩ ላይ እጃቸውን ብድግ አድርገው ሰላም ሲሉት ሠርፀ ለሁሉም እጅ ነሣ። ዓይኑ ያችን ቦርሳ ይፈልግ ነበር። ሀይፋ ቀድማ ወጥታ ነበር።

በማግሥቱ ዓርብ ነው። ሰው ወደ ሱቁ እየመጣ እንኳን ደስ አለህ ይለዋል፤ ቴአትሩን እያስመሰሉ ባዶ ጥቅል የሚያቀብሉት አሉ፤ ሠርፀም እየሳቀ ይቀበላል። ከግድግዳው ማዶ የሀይፋ ሱቅ ክፍት ነው፤ የስፌት መኪናዋ ድምፅ ይሰማል።

አዛን ተሰማ። ሐጂ ውዱእ አድርገው፣ እጅጌያቸውን ወደ ታች እያወረዱ መጡ። ሠርፀ ባንኮኒው ጋ ቆሞ ካርቶን የሚቆጥር መሰለ። የቁልፉን ድምፅ ጠበቀ፤ እንጨቱ ላይ ጣል ሲሉት የሚሰማውን፣ ከመልመዱ የተነሣ ልብ ብሎት የማያውቀውን ድምፅ። ድምፁ አልመጣም። ቀና ሲል ሐጂ ፊት ለፊቱ ቆመዋል፤ ቁልፉ በእጃቸው ነው። እጁን እስኪዘረጋ ጠበቁት። ዘረጋ። መዳፉ ላይ አኖሩለትና ፊቱን አዩት፤ የዚያን የመጀመሪያውን ቀን እንዳዩት አድርገው አዩት።

"አደራ" አሉት።

በቁጣ አልነበረም፤ ድምፃቸው የወትሮው ነው። ሰው ለሰው በቀን ስንት ጊዜ የሚለው ቃል ነው። እሳቸው ግን ለእሱ ብለውት አያውቁም ነበር፤ ብለውት እንደማያውቁ ሠርፀም ያወቀው አሁን ነው።

"እሺ፣ ሐጂ" አለ።

ሐጂ ሱሌይማን ወጡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር ብለው አዩትና መንገዳቸውን ቀጠሉ። ሠርፀ ቁልፉን ኪሱ አልከተተውም። እስኪመለሱ ድረስ፣ ከውጭ ለሚያየው ሁሉ እንዲታይ አድርጎ፣ በመዳፉ እንደያዘው ቆሞ ጠበቃቸው።